ስካታው የለዘበበት ዓመት

አልዲስ የበርሜሉን ክዳን አንድ ጣት ያህል ከፍ አደረገችና መልሳ ጣለችው። ዓይኖቿ በእንባ ተሞሉ፤ ጉሮሮዋ ተቃጠለ። ወደ በሩ አፈግፍጋ ከውጭ የሚገባውን ቀዝቃዛ አየር በረጅሙ ሳበች።

«ደርሷል» አለች።

አባቷ ቤርግስቬይን እጁን በጎማ ሽርጡ ላይ እየጠረገ ቀና አለ። «ዛሬ?»

«ዛሬ። እንዲያውም ትናንት መውጣት ነበረበት።»

«እኔ በቀን ቆጠራ ገና አንድ ሳምንት ይቀረዋል ብዬ ነበር።»

«አባዬ፣ አፍንጫው የማን ነው?»

«ያንቺ» አለ ቤርግስቬይን። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

በአይስላንድ ምዕራባዊ የባሕር ሰርጦች መካከል በተቀመጠችው በግራንዳቪክ፣ ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚጨመር ቃል የለም። ስካታ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ በርሜል ውስጥ ተከድኖ ለሳምንታት ይብላላል፤ ከገና ዋዜማ አንድ ቀን አስቀድሞ፣ በቅዱስ ቶርላክ ዕለት፣ ተቀቅሎ ይበላል። በወጉ የደረሰ ስካታ አሞኒያው አፍንጫን ሰንጥቆ ይገባል፤ ዓይንን ያስለቅሳል፤ ላንቃን ይልጣል። ቀድሞ ከወጣ ከተራ ዓሣ አይለይም፤ ከዘገየም ለሰው አይሆንም። ቀኑን የሚቆርጠው አፍንጫ ነው። የቤቱ አፍንጫ በመጀመሪያ የአልዲስ እናት ዮሩን ነበረች፤ እርሷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ራሷ አልዲስ ናት። ቤርግስቬይን ከዓመታት በፊት በያዘው ክፉ ጉንፋን ምክንያት ማሽተት ጨርሶ ተስኖታል። የታጠበ አንሶላና የስካታ በርሜል ለእርሱ አንድ ናቸው።

በዚህ ዓመት ግን ቀኑን በትክክል መቁረጥ ከወትሮው የበለጠ ክብደት ነበረው። ቤርግስቬይን ከአባቱ የወረሰውን ያንኑ የጎማ ሽርጥ በበዓሉ ማዕድ ፊት አውልቆ ለልጁ ሊያስር ወስኖ ነበር። በዚያ ቤተሰብ ሽርጡ የታሰረለት ሰው የዓሣ ማዘጋጃ ቤቱ ባለቤት ነው። ከደቡብ የመጣ አንድ ኩባንያ ቤቱን ለመግዛት ሦስት ጊዜ ጠይቋል፤ ቤርግስቬይንም ከበዓሉ በኋላ መልስ እንደሚሰጥ ነግሯቸዋል።

«ሽርጡ ካንቺ ወገብ ላይ ከታየ፣ መልሱን ራሳቸው ያነቡታል» ብሏት ነበር።

ስለዚህ ስካታው በዚያው ቀን ወጣ፤ ታጥቦም ማብላላቱ እንዲቆም በቀዝቃዛው ክፍል ተሰቀለ። አንድ በርሜል ብቻ፣ ከኃይለኛውም ኃይለኛ ለሚወዱ ሰዎች ለአዲስ ዓመት የሚቀመጠው የጥጉ በርሜል፣ እንደ ተከደነ ቀረ። አልዲስ ያን ዕለት ወደ ቤቷ የገባችው በኩራት ነው። ከራስ ምታትም ጋር።

*

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በኅዳር ወር በአንዱ ቅዳሜ ማለዳ፣ አልዲስና ኦሪ በበረዶ መጥረጊያው መኪና ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው በዋሻው በኩል ወደ ጎረቤት ከተማ ይጓዙ ነበር። ኦሪ አብሯት የሚኖር ሰው ነው፤ የመንደሩን መንገድ ከበረዶ የሚጠርገውም እርሱ ነው። ሌሊቱን ኮንዶሙ መቀደዱን ያዩት ዘግይተው ነበር፤ ከዚያም ሁለቱም ጣራውን እያዩ ጥቂት ስቀው፣ ፋርማሲው የሚከፈትበትን ሰዓት ጠበቁ። ልጅ አንፈልግም አላሉም። ያሉት «በኋላ» ነው። መጀመሪያ ቤቱ፣ መጀመሪያ ሽርጡ።

ማለዳ የሄዱት ማንም እንዳያያቸው ብለው ነው። ከፋርማሲው መደርደሪያ ጀርባ የቆመችው ግን ሶልሩን ነበረች፤ የአልዲስ እናት የአክስት ልጅ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ አትሠሪም ብዬ ነበር» አለች አልዲስ።

«የቅዳሜዋ ልጅ ታማለች። ምን ልስጥሽ?»

አልዲስ መደርደሪያውን በዓይኗ ቃኘች። «ለሳል የሚሆን ነገር።»

«ሳሉ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሌሊቱ» አለ ኦሪ ከኋላ።

ሶልሩን አንዴ እርሱን፣ አንዴ እርሷን አየች። ከዚያም ወደ ሳል መድኃኒቱ ሳትሄድ ከሌላው መሳቢያ አንዲት ትንሽ ፓኮ አውጥታ አስቀመጠች። «ለእንዲህ ያለው ሳል የምንሰጠው ይቺን ነው። አሁኑኑ በውኃ ዋጫት። ስሚኝ፣ አንቺ ልጅ፤ ክኒኗ የሴቷ እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ ታዘገያለች እንጂ አንዴ የወጣውን አትመልስም። ብዙ ጊዜ ትሠራለች፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የወር አበባሽ ከዘገየ ወይም ከልማዱ ያነሰ ከሆነ፣ ከዛሬ ቆጥረሽ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመርመሪ። ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

«የሰማ ሰው እንዲህ ቶሎ አይመልስም።»

ከሳምንት ያህል በኋላ አልዲስ ደም አየች። ጥቂት ነበር፤ ሲመጣም ሲሄድም አልታወቀም። የወር አበባዬ ቀድሞ መጣ ብላ ተቀበለችው፤ ለኦሪም በዚያው ቃል ነገረችው።

«ጥሩ ነው» አለ ኦሪ።

«ጥሩ ነው» አለች እርሷም። ከዚያ ሁለቱም አንድ ነገር አውቶብስ ውስጥ ረስተው የወረዱ ይመስል ለአፍታ ዝም ተባባሉ። አልዲስ ለዚያ ስሜት ስም አልፈለገችለትም። በርሜሎቹ እየጠበቋት ነበር።

ቀጥሎ የመጡት ነገሮች ሁሉ ምክንያት ተገኘላቸው። ከሰዓት በኋላ በተቀመጠችበት እንቅልፍ ሲጥላት፣ የታኅሣሥ ጨለማ ነው አለች። ጡቷ ሲያማት፣ በርሜል ማንሳቱ ነው አለች። የኦሪ የሱፍ ሹራብ የአንድ መንጋ እርጥብ በግ ያህል ሲሸታት ግን ምክንያት አልፈለገችም፤ ሹራቡን ወደ ውጭ ወረወረችው። ማግስቱን ኦሪ ሲያገኘው ቅዝቃዜው አድርቆት፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተገትሮ ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ማንን ፈልጎ ነው የመጣው?» አለ ኦሪ።

አልዲስ እስኪያማት ሳቀች። ይሁንና ሹራቡን አላስገባችውም።

*

በቅዱስ ቶርላክ ዕለት የግራንዳቪክ ሰው ካለው ልብስ ሁሉ የባሰውን ለብሶ ወደ አዳራሹ ይመጣል። ሽታው ከልብስ ስለማይለቅ፣ ለመጣል የታሰበ ሹራብና ሱሪ ሁሉ ለዚያች ቀን ይቀመጣል። ጡረታ የወጣው የጀልባ ካፒቴን ኬቲል እንደ ሁልጊዜው ክርኑ የተቀደደውን የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ የትራስ ልብስ የሚያህል መሐረቡን እንባውን ሊጠርግበት ከሳህኑ አጠገብ ዘርግቶ ተቀምጧል። አረቄው ተቀድቷል። ድንቹ፣ ጥቁሩ ዳቦ፣ የቀለጠው የበግ ሞራ ቀርቧል። ከማዕዱ ራስ ላይ ቤርግስቬይን ሽርጡን እንደ ታጠቀ ቆሟል፤ አልዲስ ከጎኑ አለች።

ስካታው ገባ። አልዲስ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ያዘች። ከሳህኖቹ የሚነሣው እንፋሎት እንደ ግድግዳ መጥቶ ፊቷን መታት፤ በአፍንጫዋ ብቻ ሳይሆን በጥርሷ ሥር ሁሉ ተሰማት። ይህን ሽታ በእናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እንዲህ ሆኖባት ግን አያውቅም። በልቧ፣ «በሕይወቴ ቀን ከቆረጥኩለት ስካታ ሁሉ የበረታው ይኸ ነው» አለች።

ኬቲል የመጀመሪያውን ቁራሽ በሞራው ነክሮ ወደ አፉ ላከ። አላመጠ። አዳራሹ ዝም ብሎ ጠበቀው፤ የእርሱ የመጀመሪያ እንባ የበዓሉ መክፈቻ ነውና። ኬቲል ዋጠ። ደግሞ ቆረሰ፤ ደግሞ አላመጠ። ከዚያም መሐረቡን በጥንቃቄ አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው።

«ቤርግስቬይን» አለ። «ይሄ ዓሣ ማነው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ማንነቱን መጠየቄ ነዋ። ስካታን እኔ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት ስንደባደብ ኖረናል። ይሄኛው ግን እጄን ጨብጦኝ አለፈ።»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። ሌሎቹም ቀመሱ። አንድም ሰው አላስነጠሰም፤ አንድም ሰው ወደ መስኮቱ አልሮጠም። ከሬይካቪክ የመጣ የአንድ ቤት አማች ፊቱ በደስታ አበራና «ለካ ስታስፈራሩኝ ኖሯል፤ በጣም ይጣፍጣል» አለ። በዚያ አዳራሽ ከዚህ የከፋ ስድብ ተሰምቶ አያውቅም። ነገሩን የጨረሰችው ግን የኬቲል የልጅ ልጅ ነበረች። አራት ዓመቷ ነው። ሳህኗን በሁለት እጇ አንሥታ፣

«አያቴ፣ ጨምርልኝ» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኬቲል ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ፣ «በሉ፣ የተረፈውን ለመዋዕለ ሕፃናቱ ላኩት! ጥርስ ላላበቀሉትም ይሆናል!» ይላል። አልዲስም ከንፈሯን ለሳቅ ዘረጋች፤ ዓይኗ ግን በአባቷ እጅ ላይ ነበር። የቤርግስቬይን እጅ የሽርጡን ቋጠሮ ለመፍታት ወደ ጀርባው ሄዶ ነበር። እዚያው ጥቂት ቆየ። ከዚያም ባዶውን ተመለሰ።

«ከበዓሉ በኋላ እንነጋገራለን» አላት በዝግታ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው የከፋው። «ምናልባት አፍንጫ እንደ ጉልበት ነው። ያረጃል።»

«በሠላሳ አንድ ዓመቴ?»

አልዲስ ባዶ የዳቦ ቅርጫት አንሥታ ወደ ኩሽናው ሄደች።

*

በኩሽናው ውስጥ የአባቷ እኅት ጉድፊና እጅጌዋን ጠቅልላ ድንች ታጠልላለች። አልዲስ ቅርጫቱን አስቀመጠችና የኋላውን በር ከፍታ ደፉ ላይ ቆመች። ቀኑ ገና ቀትር ቢሆንም ሰማዩ ሰማያዊ ጨለማ ነበር፤ ከሰርጡ ወዲያ የመብራት ምሰሶዎች ይታያሉ።

«በሩን ዝጊው፤ ድንቹ ይበርዳል» አለች ጉድፊና።

«አክስቴ፣ ትንሽ ልተንፍስ። ሽታው ሊገድለኝ ነው።»

ጉድፊና ማጠለያውን አስቀመጠች። «የቱ ሽታ?»

«የስካታው ነዋ!»

«የኔ ልጅ፣ እኔ ከጠዋት ጀምሬ ድስቱ ላይ ተደፍቼ ስቀቅለው ነው የዋልኩት። እንደ ሞቀ ወተት ነው። አንዴ እንኳ አላስነጠሰኝም።»

«ለኔ ግን እንዲህ የበረታ ኖሮ አያውቅም።»

«እንግዲህ ከሁለት አንዳችን በሽተኛ ነን» አለች ጉድፊና፤ እጇንም በፎጣ እያደረቀች ቀረብ ብላ አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። የአልዲስን የገረጣ ፊት፣ በሩን ሙጥኝ ያለችበትን እጅ። ከዚያም ዓይኗ ሌላ ቦታ የሄደ መሰለ። «ስካታው እንዲህ የለዘበው አንዴ ብቻ ነው፤ ታውቂያለሽ? አንቺ ከመወለድሽ በፊት በነበረው በዓል።»

«እሱን ታሪክ ሁሉም ሰው ያወራዋል። እማዬ ቀኑን ስታ...»

«ስታ ነው የሚሉት። ኬቲል ያኔም መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ዓመቱን ሙሉም ሲስቅባት ኖረ። ዮሩን ግን ምላ ተገዝታ ነበር፤ ‹በርሜሉ ሊያፈነዳኝ ደርሶ ነበር› ትላለች። ማንም አላመናት። አንቺ የተወለድሽው በተከተለው ነሐሴ ነው።»

አልዲስ ከበሩ ዞር ብላ አክስቷን አየቻት።

«ከዚያ በኋላስ ስታ ታውቃለች?» አለች ጉድፊና። «አንዴም አልሳተች።»

«አይሆንም» አለች አልዲስ። «እኔ ክኒን ወስጃለሁ።»

«የምን ክኒን?»

«ከሶልሩን። በኅዳር። በማግስቱ የሚወሰደውን... ከዚያም ደሜ መጥቷል።»

«እንደ ልማዱ ነው የመጣው?»

አልዲስ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠረች። ያ ደም ጥቂት ነበር። ሲመጣም ሲሄድም አልታወቀም። የከሰዓት በኋላው እንቅልፍ፣ የጡቷ ሕመም፣ በሩ ላይ ተገትሮ የቀረው ሹራብ በአንድ ጊዜ መጥተው ፊቷ የተሰለፉ መሰላት። እያንዳንዱን ለየብቻው ሸኝታው ነበር። አንዳቸውንም ግን ከሌላው ጎን አቁማ አላየችም።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። ሶልሩን ወዲያው አነሣችው።

«ዛሬ ለበዓሉ ቀደም ብዬ ልዘጋ ነው፤ ቶሎ በይ።»

«ሶልሩን፣ ያ ክኒን... ከወሰድኩ በኋላ የመጣው ደም ትንሽ ነበር።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«ለነገሩ እንኳ የማይበቃ።»

«ተመረመርሽ?»

«...አይ።»

«ከሦስት ሳምንት በኋላ አላልኩሽም?»

«ብለሻል።»

«እኔ እኮ የምናገረው ለመደርደሪያው ነው!» ሶልሩን ተነፈሰች፤ ከዚያም ድምፅዋ ተለወጠ፤ የሥራ ድምፅዋ ሆነ። «አሁን እየጠየቅኩሽ ነው። ከሆድሽ በታች በአንድ ወገን የሚወጋ ሕመም አለሽ?»

«የለኝም።»

«ራስን መሳት? ሌላ ደም?»

«የለም። ሽታ ብቻ ነው የሚያዞረኝ።»

«ጥሩ። ከነዚህ አንዱ ከመጣ በዓል ነው ሳትይ ዛሬም ቢሆን ለሐኪም ደውዪ። ከወሰድሽ በኋላ የምታዪው ጥቂት ደም ሁልጊዜ የወር አበባ አይደለም፤ ክኒኗ ራሷም ታመጣዋለች። ደግሞ አስቀድሜ ልንገርሽና አትጨነቂ፤ አርግዘሽም ከሆነ ያቺ ክኒን ፅንሱን ትጎዳለች የሚል ማስረጃ የለም። መመርመሪያውን ልሰጥሽ እችላለሁ፤ ግን ሰው ላኪ። ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ።»

«ማንን ልላክ? ሰው ሁሉ አዳራሽ ነው።»

ጉድፊና ማጠለያዋን አንሥታ ወደ መስኮቱ ጠቆመች። በሰርጡ ዳር ብርቱካናማ መብራቱን እያሽከረከረ የኦሪ መኪና ይሄድ ነበር።

*

በረዶ መጥረጊያው በመንደሩ ዋና መንገድ አልፎ ወደ ዋሻው ሲከንፍ፣ አዳራሹ በሙሉ በመስኮት አየው። የኬቲል አፍ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

«ይሄን መንገድ ጠዋት ጠርጎት አልነበረም?»

«ሁለት ጊዜ» አለች አንዲት ሴት።

«በረዶ ጥሏል?»

«ከትናንት ወዲህ አልጣለም።»

«እና ምን ሊጠርግ ነው? አስፋልቱን?»

ብዙ ሳይቆይ መብራቱ ከዋሻው አፍ ብቅ አለ፤ መኪናውም አዳራሹን ዞሮ ከኩሽናው በር ጋር ተጠግቶ ቆመ። ኦሪ ከጋቢናው ዘልሎ ሲወርድ በእጁ ትንሽ ነጭ ከረጢት ይዞ ነበር፤ አረንጓዴው የፋርማሲ መስቀል ከሩቅ ይታያል። በመስኮቱ ዘንድ የነበሩት ሰዎች ተያዩ። ሁሉም ከመስኮቱ ፈቀቅ አለ። ኬቲል እንኳ።

ቤርግስቬይን ሽርጡን እንደ ታጠቀ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ከረጢቱን አይቷል፤ ከፊቱ የተቀመጠውን፣ ልጆች የሚጨርሱትን ለስላሳ ስካታም አይቷል። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፤ ከሩቅ ያየው ሰው ወራት የሚቆጥር መሆኑን ይለይ ነበር።

በአዳራሹ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አልዲስ ተገልብጦ በተቀመጠ ባልዲ ላይ፣ ኦሪ ደግሞ ከበሩ ጋር ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መመርመሪያው በእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ነው። ሁለቱም አያዩትም።

«ሶልሩን ምን አለችኝ መሰለሽ» አለ ኦሪ። «‹ሳሉ ባሰባት?› አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«‹ሳይተላለፍብኝ አልቀረም› አልኳት።»

አልዲስ ሳቀች፤ በሳቋም መካከል ዞር ብላ መመርመሪያውን አየችው። ሁለቱም መስመሮች ደምቀው ወጥተዋል። አርግዛለች፤ የሚያጠራጥር አልነበረም።

ኦሪም አየ። ተነሣ፤ መልሶ ደግሞ ተቀመጠ፤ በዚህ ጊዜ ከባልዲው አጠገብ። «አልዲስ፣ አስቀድመሽ አንቺ ተናገሪ» አለ። «የኔን ካወቅሽ ያንቺን ትለውጪዋለሽ ብዬ እሰጋለሁ። ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው። ካልተከፈተም እከፍተዋለሁ፤ ሥራዬ እሱ ነው።»

አልዲስ አሰበች። ያን የኅዳር ሳምንት፣ «ጥሩ ነው» ከተባባሉ በኋላ የመጣውን ዝምታ አሰበች። አውቶብስ ውስጥ ተረሳ የመሰላት ነገር ምን እንደ ነበረ አሁን ስሙን ልትሰጠው ትችል ነበር። ስትሰጠውም ደስታው ከእግሯ ጀምሮ መጣባት።

«‹በኋላ› ብለን ነበር» አለች። «እንግዲህ ያ ‹በኋላ› መጣ። ልጁን እፈልጋለሁ፣ ኦሪ። ሽርጡንም እፈልጋለሁ።»

«ስግብግብ።»

«ነኝ። ያንተስ?»

ኦሪ ሊናገር ሞከረ፤ አልሆነለትም። በእጅጌው ፊቱን ጠረገ። በአዳራሹ ያልታየው የመጀመሪያ የበዓል እንባ እዚያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ፈሰሰ።

አልዲስ ግን ድንገት ከባልዲው ተነሥታ ቆመች። ሌላ ነገር ታይቷት ነበር። አፍንጫዋ አላረጀም፤ በእርግዝናው በእጥፍ በርትቷል። እርሷ «ደርሷል» ባለችበት ቀን ስካታው አልደረሰም። አባቷ ደግሞ አንድ ሳምንት ይቀረዋል ብሎ ነበር። ያ ሳምንት ዛሬ ሞላ። የጥጉ በርሜል ደግሞ አልተከፈተም።

*

ወደ አዳራሹ ስትገባ ወሬው ሁሉ ተቋረጠ። አልዲስ በማዕዱ ራስ ቆመች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ስካታው ያለ ጊዜው ነው የወጣው» አለች። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ምክንያቱን አውቄዋለሁ፤ ምክንያቱ የኔ ነው፤ እዚህ አልናገረውም።»

«ግድ የለም፣ መኪናው ነግሮናል!» አለ ኬቲል፤ ጉድፊናም በማንኪያ ትከሻውን መታችው።

«የጥጉ በርሜል አለ። ዛሬ ደርሷል። ሄዳችሁ ክፈቱት፤ ድስቱ እሳት ላይ ነው።»

«አሽትተሽዋል?» አለ ቤርግስቬይን።

«አላሸተትኩትም። እስከሚቀጥለው ዓመትም አላሸትም። ግን አስቤዋለሁ። እናንተ ክፈቱና ካላለቀሳችሁ፣ ሰኞ ዕለት ለደቡቦቹ ደውልላቸው።»

ቤርግስቬይን ልጁን ጥቂት ተመለከታትና ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ሰዎች ከኦሪ ጋር ወጡ።

አልዲስ በውጭ፣ በነፋሱ በኩል፣ ሹራቧን አንገቷ ድረስ ስባ ጠበቀች። መጀመሪያ የሰማችው የድስቱን ክዳን ነው። ቀጥሎ የጉድፊናን ጩኸት፣ «ኦ፣ ክብር ለአንተ ይሁን!» ሲል። ቀጥሎ የሳህኖችን ኳኳታ። ከዚያም የኬቲልን ድምፅ፤ በሳልና በማስነጠስ ተቆራርጦ፣ በእንባ ርሶ፣

«መሐረቤ! መሐረቤን ማን ወሰደው! ኪሴ ውስጥ... ኧረ አቀብሉኝ፣ ዓይኔ ጠፋ!»

መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ። የሬይካቪኩ አማች በጎን በር ወጥቶ፣ ከአልዲስ አጠገብ አጥሩን ተደግፎ እያቃሰተ ቆመ። ከውስጥ የአራት ዓመቷ ልጅ፣ «አያቴ፣ ይሄኛው ያስጠላል!» እያለች ስትጮኽ ይሰማል። አዳራሹም ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን እንባ እያፈሰሰ፣ እየሳቀ፣ እያስነጠሰ በላ።

ቤርግስቬይን ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ዓይኑ ደረቅ የነበረው እርሱ ብቻ ነው፤ በእርግጥ እርሱ አያሸትም። ይሁንና ልጁ ዘንድ ሲደርስ ዓይኑ ደረቅ አልነበረም።

«እናትሽ እውነቷን ነበር» አለ። «በርሜሉ ሊያፈነዳኝ ደርሶ ነበር ስትለኝ ሳቅኩባት።»

«አባዬ...»

«ዙሪ።»

ሽርጡን አውልቆ በአንገቷ አስገባላት፤ ከኋላዋ ቆሞም የወገቡን ገመድ እንደ ሥራ ልማዱ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ጥቂት ቆመ። ከዚያም ቋጠሮውን ፈታው፤ ከፊት በኩል ሦስት አራት ጣት ያህል አላላውና፣ ደግሞ አሰበና፣ አንድ ጣት ጨመረበት።

«ለአሁኑ ይበቃል» አለና እንደገና ቋጠረው።